ካርታውን ቀድመው የያዙት ሰዎች

ኬንያ ምርጫ በደረሰች ወይ ወጣቶቿ አደባባይ በወጡ ቁጥር የኛ ሰው ሶሻል ሚዲያ ላይ ሁለት አይነት ኮመንት ነው የሚጽፈው። አንደኛው "እነሱ እኮ በኮሮጆ ነው የሚወርዱት የሚወጡት፣ እኛ ግን..." የሚል የቅናት ነገር ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ "ያው እዛም ጎሳ ነው፣ ኪኩዩና ሉዎ ናቸው የሚባሉት" ብሎ ፋይሉን የሚዘጋ ነው። ሁለቱም ውስጥ ትንሽ እውነት አለ፣ ግን ዋናውን ነገር ይስቱታል ባይ ነኝ። የኬንያን ፖለቲካ ለመረዳት መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ማን ከየትኛው ጎሳ ነው የሚለው ሳይሆን ባንዲራው ሲሰቀል መሬቱ በማን ስም ነበር የሚለው ነው። ባንዲራው የተሰቀለው ዲሴምበር 12 ቀን 1963 ነው፣ ሪፐብሊክ የሆኑት ልክ በዓመቱ ነው (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ስልጣኑን የወረሱት ሰዎች ግን ወረፋውን የያዙት ከዛ አስር ዓመት ያህል ቀድመው ነው።

በ1952 ኦክቶበር ላይ እንግሊዞቹ ማው ማው የሚባለውን፣ በዋናነት ኪኩዩ ለመሬትና ለነጻነት ያነሳውን አመፅ ለማጥፋት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ፣ እስከ 1960 መጀመሪያ ቆየ። ጦርነቱ የጥቁርና የነጭ ብቻ ተደርጎ ይወራል እንጂ ኪኩዩ እርስ በርሱ የተላለቀበትም ነበር። ጫካ የገባው አብዛኛው መሬት አልባ ነው፣ የነጭ እርሻ ላይ ጭሰኛ ሆኖ የኖረ፣ ናይሮቢ ውስጥ የቀን ስራ የሚሰራ ሰው ነው። በወዲያኛው ወገን ደግሞ እንግሊዝ የሾማቸው ቺፎችና ልጆቻቸው፣ ሱቅና ወፍጮ ያላቸው፣ ከሚሽን ትምህርት ቤት የወጡ፣ እና ሆም ጋርድ የሚባለው ሚሊሺያ አሉ። እንግሊዞቹ ታማኞች ይሏቸው ነበር፣ እኛ ብንሆን ባንዳ ነው የምንላቸው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በአጥርና በጠባቂ በተከበበ መንደር ታጎረ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ካምፕ ገቡ፣ ከአንድ ሺ በላይ ሰው ተሰቀለ፣ የጫካው ተዋጊዎች መሪ ዴዳን ኪማቲም በ1957 ፌብሩዋሪ ላይ ተሰቀለ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ግን ጎን ለጎን ሌላ ስራ እየተሰራ ነበር፣ እሱ ነው ብዙም የማይወራለት። በ1954 ስዊነርተን የሚባል የግብርና ሹም ያወጣው ፕላን አለ፣ የተበጣጠሰው የኪኩዩ መሬት ባንድ ላይ እየተሰበሰበ በግለሰብ ስም ካርታ ይሰራለት፣ ለገበሬው እንዳይተክል ታግዶ የኖረው ቡናም በላይሰንስ ይፈቀድ የሚል። ወረቀቱ ላይ ስታየው ጥሩ ልማት ነው። ችግሩ መሬቱ የሚለካው ግማሹ ባለቤት ካምፕ ውስጥ ታስሮ እያለ ነው! ለክቶ የሚያከፋፍለው ኮሚቴ ላይ የተቀመጠው ማነው፣ ቺፉና የሆም ጋርዱ አለቃ ነዋ። እስረኛው ተፈትቶ ሲመለስ ለሙ መሬት የሌላ ሰው ስም ሆኖ ጠበቀው፣ ለሱ ገደል ቢጤ ተተወለት፣ ጭራሽ ምንም ያልተተወለትም ብዙ ነው። በ1957 አፍሪካውያን ለመጀመሪያ ጊዜ ተወካይ ሲመርጡ ደግሞ ኪኩዩ፣ ኤምቡና ሜሩ ለመምረጥ የታማኝነት ሰርተፍኬት ማሳየት ነበረባቸው። እንግዲህ በአንድ ወረቀት መሬት፣ በሌላ ወረቀት ድምፅ ማለት ነው፣ ሁለቱም ላንድ ወገን።

እኛ ጋ ጣልያን ከወጣ በኋላ የተባለውን ግጥም የማያውቅ የለም።

ኢትዮጵያ ሀገሬ ሞኝ ነሽ ተላላ
የሞተልሽ ቀርቶ የገደለሽ በላ

በላይ ዘለቀ ከነጻነት በኋላ ምን እንደደረሰበት የሚያውቅ ሰው የኬንያን ታሪክ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ልዩነቱ ኬንያዎቹ ጋ የበላው ሰውዬ ካርታ በእጁ ይዞ፣ ሕጋዊ ሆኖ መጠበቁ ነው። የእንግሊዝ ነገር ያው ሁሉን በደረሰኝ ነው።

ትምህርቱም እንደዛው ነው። ከናይሮቢ ወጣ ብላ ኪኩዩ የምትባል ከተማ ውስጥ ሚሽነሪዎች በ1926 የከፈቱት አሊያንስ የሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ከመጀመሪያዎቹ የነጻነት ሚኒስትሮችና ከፍተኛ ሹማምንት ውስጥ ብዙዎቹ የዛ ልጆች ናቸው፣ ምቢዩ ኮይናንጌ፣ ጁሊየስ ኪያኖ፣ ቻርልስ ንጆንጆ። ኮይናንጌና ንጆንጆ ሁለቱም የትልልቅ ቺፍ ልጆች ናቸው። ንጆንጆ እንደውም ለብቻው ጽሑፍ የሚያስፈልገው ሰው ነው፣ ከነጻነት ጀምሮ እስከ 1980 ጠቅላይ አቃቤ ሕግ የነበረ፣ ባለ መስመር ሱፍ ለብሶ ኮቱ ላይ አበባ ሰክቶ ከእንግሊዝ በላይ እንግሊዝ ሆኖ የሚኖር፣ ሰዉ በሹፈት "ሰር ቻርልስ" የሚለው፣ መቶ ዓመት አልፎት በ2022 ጃንዋሪ የሞተ። የሀገሪቱ ሕግ በዚህ ሰው እጅ ነው የተሰራው ስትል ብዙ ነገር ይገባሃል።

ጆሞ ኬንያታ ራሱስ? እንግሊዞቹ የማው ማው መሪ ነህ ብለው ካፔንጉሪያ ላይ ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ከሰው ሰባት ዓመት ፈረዱበት፣ እስከ 1961 ድረስ በሰሜን በረሃ ታስሮና ተግዞ ከረመ። ሰውዬው ግን የማው ማው መሪ አልነበረም፣ ጫካ የገቡትን መርቶ አያውቅም፣ ባህሪውም አይደለም። በጋብቻ ከሁለት የቺፍ ቤተሰብ ጋር ነው የተሳሰረው፣ አንደኛዋ ሚስቱ የሲኒየር ቺፍ ኮይናንጌ ልጅ ነበረች፣ የመጨረሻዋ ንጊና ደግሞ የቺፍ ሙሆሆ ልጅ። እስሩ ለድሃው ጀግና አደረገው፣ ዝምድናው ደግሞ ለባለ መሬቱ ዋስትና ሆነ። በ1962 ጊቱንጉሪ ላይ ሕዝብ ሰብስቦ ማው ማው በሽታ ነበር፣ ጠፍቷል፣ ዳግመኛ መታወስ የለበትም አለ። በ1963 ኦገስት ላይ ናኩሩ ሄዶ የነጭ ገበሬዎችን ሰብስቦ ይቅር እንባባል፣ እርሻችሁን እያረሳችሁ ኑሩ አላቸው፣ አጨበጨቡለት። ማው ማውን ሕገወጥ ያደረገው የቅኝ ግዛት እገዳ የተነሳው መቼ መሰላችሁ? በ2003 ነው፣ ከነጻነት አርባ ዓመት በኋላ!

መሬቱን እንዴት አከፋፈሉት ወደሚለው ስንመጣ፣ "የሚሊዮን ኤከር" ፕሮግራም የሚባል ነበር። ለነጮች ብቻ ተከልሎ ከነበረው ለም ደጋ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ኤከር ያህል ከእንግሊዝ፣ ከወርልድ ባንክና ከምዕራብ ጀርመን በመጣ ብድር ተገዝቶ ወደ 35 ሺ ለሚጠጉ ቤተሰቦች ተሸነሸነ። በነጻ ግን አይደለም፣ አያቱ የተነጠቀውን መሬት የልጅ ልጁ በብድር መልሶ ይገዛል፣ ወለድ ይከፍላል፣ ያልቻለ ይነቀላል። ቀሪው ትልልቅ እርሻ ደግሞ አብዛኛው ሳይሸነሸን ፈቃደኛ ሻጭ ለፈቃደኛ ገዢ ተብሎ ከነሙሉ ግቢው ብድር ማግኘት ለሚችል ሰው ተላለፈ፣ ብድር ማግኘት የሚችለው ማን እንደሆነ ያው ይታወቃል። ዜድ ፕሎት የሚባል ነገርም አለ፣ ነጩ ገበሬ ይኖርበት የነበረውን ቪላ ከነ ዙሪያው መቶ ኤከር ለብቻ ቆርጦ ለተከበረ ሰው መሸጥ ነው። የተከበረው ሰው ሚኒስትር ነው፣ የፓርላማ አባል ነው፣ የክፍለ ሀገር አስተዳዳሪ ነው። ድሃው በዙሪያው ትንሽ ትንሽ መሬት ተሰጥቶት ይሰፍራል፣ መሀል ላይ ቪላው ውስጥ አዲሱ ጌታ።

እዚህ ጋ ነው የጎሳው ትረካ የሚፈርሰው። ኪኩዩዎች ብቻቸውን በሉት ይባላል፣ ግን እስኪ ዳንኤል አራፕ ሞይን እዩት። ሞይ ካሌንጂን ነው፣ ካዱ በሚባለው ተቃዋሚ ፓርቲ ውስጥ ሆኖ የሪፍት ቫሊ መሬት ለሪፍት ቫሊ ሰው፣ ፌዴራሊዝም ምናምን እያለ ይከራከር የነበረ ሰው ነው። በ1964 ኖቬምበር ካዱ ራሱን አክስሞ ገዢው ካኑ ውስጥ ገባ፣ ሞይ ወዲያው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ፣ በ1967 ምክትል ፕሬዝዳንት። ፌዴራሊዝሙ ቀረ፣ መሬት የሚገዙ የኪኩዩ ካምፓኒዎች ሪፍት ቫሊ ሲገቡ ሞይ ዝም አለ። በ1992ና በ1997 ምርጫዎች ዙሪያ፣ ከዛም በ2007 መጨረሻ እዛው አካባቢ ሰው በሰው ላይ ሲነሳ፣ በመጨረሻው ብቻ ከ1,100 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ያለቁት የሁለቱም ጎሳ ድሆች ናቸው። መሬቱን የተከፋፈሉት ሰዎች ልጆች ግን ናይሮቢ ውስጥ አብረው ነው የሚማሩት።

ቢልዳድ ካጊያን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እኔ ግን የኬንያ ታሪክ በሙሉ በሱ ሕይወት ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ብዙ ትምህርት የለውም፣ አሊያንስ ደጃፍ አልደረሰም፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ወታደር ሆኖ ያገለገለ የሰራተኛ ማህበር ሰው ነው። ካፔንጉሪያ ላይ ከኬንያታ ጋር ከተከሰሱት ስድስት አንዱ እሱ ነው። ኬንያ ነጻ ስትወጣ የፓርላማ አባል ሆነ፣ ትምህርት ሚኒስቴርም ውስጥ የምክትልነት አይነት ሹመት ተሰጠው፣ ቁጭ ብሎ መብላት ይችል ነበር። እሱ ግን የማው ማው ታጋዮች መሬት በነጻ ይሰጣቸው፣ የተነጠቀ ሰው እንዴት መልሶ ይገዛል እያለ አላስቀምጥ አላቸው፣ በ1964 ከሹመቱ ወጣ።

በ1965 ኤፕሪል ኬንያታ ራሱ የካጊያ ወረዳ ድረስ ሄዶ በሕዝብ ፊት አዋረደው። እዛ የተናገረው ነገር እስከዛሬ ይጠቀሳል። አብረን ታስረን ነበር አለው፣ ፖል ንጌይን እይ ቡና ተክሏል፣ ኩባይን እይ ትልቅ ቤትና እርሻ አለው፣ ኩንጉ ካሩምባን እይ አውቶብሶች አሉት፣ አንተ ለራስህ ምን ሰራህ? ነጻ ከወጣ ሁለት ዓመት ባልሞላው ሀገር የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ያልሰረቀውን ሰው በሕዝብ ፊት ለምን አልበለጸግክም ብሎ የሚገስጽበት ቀን ነው ይሄ። ከዛ ቀን በኋላ ሹመት ያለው ሰው ሁሉ ለጥያቄው መልስ ለማዘጋጀት ነው የኖረው ማለት ይቻላል። ምሳሌ ተደርጎ የተጠቀሰው ንጌይ እንደውም በ1975 በምርጫ ጥፋት ተፈርዶበት መወዳደር ሲከለከል፣ ፕሬዝዳንቱ ይቅርታ እንዲያደርግለት ተብሎ ሕገ መንግስቱ ተሻሻለለት። ለአንድ ሰው! ካጊያ ግን በ1966 ተቃዋሚ ፓርቲ ገብቶ ወንበሩን ተነጠቀ፣ ታሰረ፣ በ2005 ሲሞት ሀብት የሚባል ነገር አልነበረውም።

ካጊያ የገባበት ፓርቲ የኬንያታ ምክትል ፕሬዝዳንት የነበረው የኦጊንጋ ኦዲንጋ ነው። ኦዲንጋ ሉዎ ነው፣ ካጊያ ኪኩዩ ነው፣ ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው፣ መሬትና የነጻነቱ ድርሻ። ጎሳ ብቻ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ምን ይሰራሉ? በ1966 ማርች ሊሙሩ ላይ ካኑ ተሰብስቦ የኦዲንጋን የፓርቲ ምክትልነት ስምንት ቦታ ከፋፈለው፣ ያንን ስራ በብልሃት የሰራው ደግሞ ሌላ ሉዎ ነው፣ የካኑ ዋና ጸሐፊ ቶም ምቦያ። ኦዲንጋ ለቀቀ፣ ወዲያው ፓርቲ የቀየረ የፓርላማ አባል ድጋሚ ይመረጥ የሚል ሕግ ወጣበት። ምቦያ በበኩሉ ተጠቅመው ሲጨርሱ አስፈሪ ሆኖባቸው ይሁን አይሁን ዛሬም ድረስ ይከራከሩበታል፣ በ1969 ጁላይ 5 ቅዳሜ ቀን ናይሮቢ መሀል ከፋርማሲ ሲወጣ ተገደለ። ከሱ በፊት በ1965 ፒዮ ጋማ ፒንቶ ተገድሏል፣ እሱ የህንድ ዘር ያለው የግራ ፖለቲከኛ ነው።

ከምቦያ ግድያ በኋላ የሆነው ነገር ለኔ ዋናው ማስረጃ ነው። ሉዎ ሲቆጣ፣ ስልጣኑ ሲነቃነቅ፣ ኪኩዩ ገበሬዎች በመኪና እየተጫኑ ጋቱንዱ ኬንያታ ቤት ተወስደው ስልጣን ከኪኩዩ እጅ እንዳይወጣ ማሉ። የማሉት ሰዎች እኮ ከአስር ዓመት በፊት መሬታቸውን በቺፍ ኮሚቴ የተቀሙት ናቸው! ካምፕ ታስረው የወጡት ናቸው። ጎሳ ድሮም የነበረ ነው፣ ማንም አልፈጠረውም፣ ግን ወደ አደባባይ የሚጠራው የመሬቱ ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ነው፣ ስራው ድሃው ኪኩዩ ሀብታሙን ኪኩዩ እንዳያይ ማድረግ ነው። በዛው ዓመት ኦክቶበር ኪሱሙ ላይ ሰው በጥይት ተመታ፣ የኦዲንጋ ፓርቲ ታገደ፣ እሱም ታሰረ።

ከዛ በኋላ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። በ1971 በማእከላዊ ባንኩ ገዥ በዱንካን ንዴግዋ የተመራ ኮሚሽን የመንግስት ሰራተኛ ቢዝነስ መያዝ ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረበ፣ መንግስትም ተቀበለው፣ ላይሰንስ ሰጪውና ላይሰንስ ተቀባዩ አንድ ሰው ሆነ። ሙስና ተብሎ የሚደበቀው ነገር እዛ ደንብ ሆኖ ተጻፈ። ጄ ኤም ካሪዩኪ የሚባል ፖለቲከኛ፣ እሱም የቀድሞ እስረኛ፣ በኋላ የኬንያታ ጸሐፊ የነበረ፣ ራሱም ሀብታም ሰው፣ አስር ሚሊየነርና አስር ሚሊዮን ለማኝ ያለባት ኬንያ አንፈልግም እያለ መዞር ጀመረ። በ1975 ማርች 2 ናይሮቢ ሂልተን ሆቴል ታየ፣ ከዛ አስከሬኑ ንጎንግ ኮረብታ ላይ ተገኘ።

ቀኑን ልብ በሉት፣ ልክ በሁለተኛው ቀን ማርች 4 አዲስ አበባ ላይ ደርግ የገጠር መሬት አዋጁን አወጀ። ሁለት ጎረቤት ሀገር፣ ያንድ ጥያቄ ሁለት ተቃራኒ መልስ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ። እኛ ጋ ባላባቱ ሄደ፣ ግን ካርታው የገበሬው አልሆነም የመንግስት ሆነ፣ ከዛ የመጣውን እልቂት እናውቀዋለን። ስለዚህ የኬንያ መንገድ የተሻለ ነበር የሚል ሰው ቢመጣ ሙሉ በሙሉ አልቃወመውም፣ አነስተኛ ገበሬው ሻይና ቡና ተክሎ ልጁን አስተምሯል፣ ሀገሪቱ እንደኛ በቀይ ሽብር አላለፈችም። የማልቀበለው የተከፈለው ዋጋ እንደሌለ ተደርጎ ሲወራ ነው።

ዋጋውን ማየት የፈለገ ሞያሌ ድረስ ይምጣ። በ1965 መንግስት ያወጣው የአፍሪካ ሶሻሊዝም የተባለ ሰነድ ገንዘብ ዝናብና ለም መሬት ወዳለበት ቦታ ይፍሰስ፣ ሌላው በኋላ ይደርሰዋል ይላል። የባራክ ኦባማ አባት ያኔ ኢኮኖሚስት ነበር፣ ሰነዱ ሶሻሊዝም ብሎ ሀብቱ ጥቂት እጅ ውስጥ እንዳይከማች በቂ ነገር አያደርግም ብሎ በጽሑፍ ተቸው፣ ማን ይስማው። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው መንገድ አስፋልት ያገኘው በ2010ሮቹ ውስጥ ነው፣ ከነጻነት ሀምሳ ዓመት በኋላ ማለት ነው። በዛ መሀል ሰሜኑ የሚታወቀው በአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ነው፣ ንጉሱና ኬንያታ በ1963 የመከላከያ ውል የተዋዋሉትም በሶማሊያ ምክንያት ይሄንኑ አካባቢ እያሰቡ ነው። ወዲህም ወዲያም ያለው ቦረና ግን ሁለቱም መንግስት እኩል ረስቶታል።

ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን የ2013ቱ ነው። ከ2007ቱ እልቂት በኋላ የእውነት፣ የፍትህና የእርቅ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር፣ ሶስት የውጭ ኮሚሽነሮች ነበሩት፣ አንዱ የኛው አምባሳደር ብርሃኑ ዲንቃ ናቸው። ሪፖርቱ ሊወጣ ሲል የመሬቱ ምዕራፍ ላይ በባህር ዳርቻው በኩል ስለ ጆሞ ኬንያታ የመሬት አወሳሰድ የሚናገሩ አንቀጾች ተቀየሩ፣ ሶስቱ የውጭ ኮሚሽነሮች የተቀየረውን ምዕራፍ አንፈርምም አሉ። ሌሎቹ ፈረሙ። በ2013 ሜይ ሪፖርቱን እጃቸው ዘርግተው የተረከቡት ፕሬዝዳንት ማን ነበሩ? የጆሞ ልጅ ኡሁሩ ኬንያታ። እኛ ሀገር ሰው ስለ ብርሃኑ ዲንቃ ሲያወራ ይሄን ሲጠቅስ ሰምቼ አላውቅም፣ መጠቀስ ነበረበት።

ዊሊያም ሩቶ በ2022 ይሄን ቂም አውቆ ነው "ዳይናስቲ" እያለ የኬንያታና የኦዲንጋን ቤት እየሰደበ እኔ ዶሮ ሻጭ ነበርኩ ብሎ ያሸነፈው፣ ራሱ ግን የሞይ ፖለቲካ ያሳደገው ባለ ሰፊ እርሻ ሀብታም ነው። በ2024 ጁን ወጣቶቹ ጎሳ የለንም፣ መሪ የለንም፣ ፓርቲ የለንም ብለው ወጡ፣ 25 ላይ ፓርላማ ገቡ፣ በማግስቱ የታክስ ረቂቅ ህጉ ተሰረዘ። ሩቶ ወር ሳይሞላው ምን አደረገ፣ ከኦጊንጋ ልጅ ከራይላ ኦዲንጋ ፓርቲ አራት ሰው ካቢኔ ውስጥ አስገባ። ካኑ በ1964 ካዱን የዋጠበት ዘዴ ቁጭ! ወጣቶቹ ያሰረዙት የዳቦና የዘይት ታክስ ነው፣ እሱ በሳምንታት ተነሳላቸው። የኮሚሽኑ ሪፖርት ግን ፓርላማ ከገባ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል፣ የመሬት ምዕራፉን አውጥቶ ድምፅ ይሰጥበት የሚል ሰልፍ እስካሁን አላየሁም።